«እገዳው ተነሥቷል» የተባለው የት ነው? ኤችአይቪ በደም ውስጥ እያለ ወደ ውጭ ስለመሄድ

ጥያቄው በአጭሩ፦ ጠያቂዋ የ34 ዓመት ሴት ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ ካወቁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። መድኃኒታቸውን አቋርጠው አያውቁም፤ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ምርመራቸውም «አይታይም» ይላል። አሜሪካዊ ዜግነት ያላቸው ባለቤታቸው ማመልከቻ አስገብተውላቸው የሕክምና ምርመራው ጊዜ እየቀረበ ነው፤ ባለቤታቸው ግን ስለ ቫይረሱ አያውቁም። በዚህ መሐል አንድ ደላላ «የአሜሪካው እስኪደርስ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ሠርተሽ ነይ» ይላቸዋል። «እገዳው በዓለም ላይ ተነሥቷል፤ ቫይረሱ ስለማይታይ ምርመራው ላይ አይወጣም፤ ከፈራሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት ክኒኑን አቁሚ» ብሏቸዋል። ጥያቄያቸው፦ ይህ እውነት ነው? ለአሜሪካው ሐኪም ልንገር ወይስ ልደብቅ? ባለቤቴስ በዚያ በኩል ይሰማ ይሆን?

ምላሽ፦

ደላላው ሦስት ነገር ብሏል፤ ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ሕይወት ያሳጣል። ከእሱ ልጀምር።

«አይታይም» ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ቅጂ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ቅጂ በታች። ይህን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው። የሥራ ቪዛ ክሊኒኮች የሚሠሩት ግን እሱን አይደለም። እነሱ በዋነኛነት የሚፈልጉት ሰውነትዎ ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ መድኃኒት በወሰዱ ቁጥር የሚጠፋ ነገር አይደለም። ዘጠኝ ዓመት በመድኃኒት የቆየ አዋቂ ሰው በዚያ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ነው የሚባለው፤ ቫይረሱ ይታይ አይታይ ለውጥ የለውም። «አይታይም» የሚለው ወረቀት ለጤናዎና ለትዳርዎ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያ ክሊኒክ መስኮት ላይ ግን አይሠራም።

ክኒኑን ማቆም ደግሞ አንቲቦዲውን አይነካውም፤ ቫይረሱን ብቻ ይቀሰቅሰዋል። መድኃኒቱ በቆመ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቫይረሱ በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ተመልሶ ይቆጠራል። (ደላላው በአንድ ትንፋሽ «አይታይም፣ ስለዚህ አይወጣም» ካለ በኋላ እንዳይታይ ያደረገውን ክኒን አቁሚ ማለቱን ልብ ይበሉ።) ምናልባት የሚወስዱት ብዙ ሰው የሚወስደውን በቀን አንድ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በአንድ ላይ የያዘውን። ሁለቱ፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን፣ የጉበት ቫይረስ የሆነውን ሄፓታይተስ ቢንም ያፍናሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ይህን ክኒን በድንገት ሲያቆም ጉበቱ በኃይል ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ለማንም ምርመራ ተብሎ አንድ ቀንም አይቁም።

አሁን ወደ «እገዳው ተነሥቷል» እንምጣ። የተነሣባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ያልተነሣባቸውም ብዙ ናቸው። ወሬው የመጣው በዋነኛነት ከአሜሪካ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ኤችአይቪን ከመግባት በሚያስከለክሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባች፤ በ1993 ደግሞ ኮንግረሱ ክልከላውን በሕግ አጸናው። ከ1987ቱ ክልከላ የተነሣ በ1992 ቦስተን ላይ ሊካሄድ የነበረው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ወደ አምስተርዳም ተዛወረ፤ ጉባኤው ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ2012 በዋሺንግተን ነው። ክልከላው የተነሣው በሁለት እርምጃ ነበር። በሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ሕግ የኮንግረሱን ክልከላ ሰረዘ። ነገር ግን ኤችአይቪ በጤና ጥበቃው ደንብ ዝርዝር ውስጥ ቀርቶ ስለነበር እሱን ለማውጣት ሌላ ዓመት ፈጀ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በጥቅምት 2009 መጨረሻ አስታወቁ፣ ደንቡ ከጥር 4 ቀን 2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን በሚደረገው የሕክምና ምርመራ ውስጥ የኤችአይቪ ምርመራ የለም። በዚያው ዓመት ደቡብ ኮሪያና ናሚቢያ፣ ቻይናም ከሻንጋይ ኤክስፖ ቀደም ብላ፣ ክልከላቸውን አነሡ ወይም አላሉ።

ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቆጥር 48 አገሮችና ግዛቶች ገና ለመግቢያ፣ ለመኖሪያ፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት ፈቃድ ኤችአይቪን የሚመለከት ግዴታ ነበራቸው። ከእነሱ 19ኙ ቫይረሱ የተገኘበትን የውጭ ዜጋ ከአገር ያስወጡ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባሕሬን፣ ኦማን፣ ሊባኖስና ዮርዳኖስ ሁሉ አሉ፤ የእኛ ልጆች በብዛት ለቤት ሥራ የሚሄዱባቸው አገሮች ማለት ነው። እስራኤልም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ለዚህ ነው «ተነሥቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የማይኖረው፤ የት? ለምን ዓይነት ቪዛ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቪዛው ዓይነት የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያስታል። በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል አልፎ ሌላ አገር የሚሄድ መንገደኛን ኤርፖርት ላይ ደም የሚወስድ የለም። ለጥቂት ቀን በጉብኝት ቪዛ የገባንም እንደዚሁ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትርና የቢጫ ወባ ክትባት ይጠየቃል እንጂ የኤችአይቪ ምርመራ አይጠየቅም። ምርመራው የሚመጣው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ሲወጣ ነው። ደላሎች ይህን ክፍተት ነው የሚጠቀሙበት፤ ሴቲቱን በጉብኝት ቪዛ ያስገቧታል፣ «አየሽ፣ ማንም አልመረመረሽም» ይላሉ፣ ከዚያ ቪዛው ወደ ሥራ ሲዞር ወደ ሕክምና ማዕከል ትወሰዳለች። ያን ጊዜ ደላላው ስልኩን አያነሣም።

መደበኛው መንገድ ደግሞ ሁለት ወንፊት አለው። አንደኛው እዚሁ ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች በታወቁት ክሊኒኮች (ቀድሞ ጋምካ፣ አሁን ዋፊድ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ባሉት) ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና የደረት ራጅ ይታያል፤ ውጤቱ «ፊት» ወይም «አንፊት» ተብሎ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ሳንባ ነቀርሳ «አንፊት» ያስብላሉ። መዝገቡን የሚያየው አንድ ክሊኒክ ብቻ ስላልሆነ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ መሞከር ብዙ አያስኬድም። ሁለተኛው ወንፊት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ለኢቃማ እንደገና ደም ይሰጣል፤ በአንዳንዶቹ አገሮች ፈቃዱ ሲታደስም ይደገማል። በእርስዎ ፈንታ ሌላ ሰው ደም እንዲሰጥ አድርጎ የመጀመሪያውን ማለፍ የሚሸጥ «ዘዴ» ነው፤ ነገር ግን ፎቶና አሻራ ከመወሰዱም በላይ ሁለተኛውን ምርመራ የሚያደርጉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

እዚያ ሲገኝ የሚሆነውን በግልጽ ልንገርዎ። ውጤቱ ይደገማል፤ አሠሪው ይነገረዋል፤ ፈቃዱ ይከለከላል። እስኪመለሱ ድረስ በማቆያ ሊቆዩ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ ክኒንዎን ማግኘትዎ በማንም ዋስትና የተሰጠው አይደለም፤ ሻንጣዎ አሠሪው ቤት ቀርቶ ይሆናል። ዳግም ወደዚያ አገር መግባትም ሊከለከሉ ይችላሉ። ለጉዞው የተበደሩት ገንዘብ ደግሞ እዚህ ይጠብቅዎታል። ቢታለፍ እንኳ ሌላ ችግር አለ፦ በሰው ቤት እየኖሩ በየቀኑ ክኒን ደብቆ መዋጥ፣ ስድስት ወር ሲሞላው አዲስ የሚያገኙበት ቦታ ማጣት። ለውጭ ዜጋ ክትትል በሌለበት አገር ክኒኑ ያለቀበት ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ ራሱን ማጋለጥ ወይም መታመም።

ይህ አሠራር ትክክል አይደለም፤ ለሕዝብ ጤናም አይጠቅምም። የዓለም ጤና ድርጅት ገና በ1987 መንገደኛን በኤችአይቪ መመርመር ወረርሽኙን አያቆምም፣ ገንዘብና ጉልበት ያባክናል ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2010 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 200 ስደተኛ ሠራተኛ በኤችአይቪ ምክንያት ከመጓዝ እንዳይከለከል ጠይቋል። ኤችአይቪ በአየር ወይም በምግብ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ በመድኃኒት ቫይረሷ የማይታይ ሴት ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አታስተላልፍም። ግን ምክረ ሐሳብ ሕግ አይደለም፤ ሕጉን የሚያወጣው ተቀባዩ አገር ነው። የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው ሊሆን በሚገባው ሳይሆን ዛሬ ባለው ነው።

ወደ አሜሪካው እንመለስ፤ ብዙ ዝርዝር የሚያስፈልገው እሱ ነውና። የሕክምና ምርመራው የሚደረገው ኤምባሲው ባወቃቸው ሐኪሞች ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰዉ በአጭሩ «አይኦኤም» የሚለው የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የጤና ማዕከል ነው። የሚታየው የሳንባ ነቀርሳ፣ የቂጥኝና የጨብጥ ምርመራ፣ የክትባት ሁኔታ፣ የአእምሮ ጤናና የዕፅ ተጠቃሚነት ነው። ኤችአይቪን ለማወቅ ተብሎ ደም አይወሰድም። ሐኪሙ ግን የጤና ታሪክ ይጠይቃል፦ ምን በሽታ አለብዎት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት።

ይናገሩ። ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ሕጋዊ ነው፤ ኤችአይቪ ከ2010 ወዲህ ከመግባት አያስከለክልም፤ ሆን ብሎ ሐሰት መናገር ግን ሊያስከለክል ይችላል፣ ያውም አንዳንዴ ለዕድሜ ልክ። የማያስጥለውን ነገር በሚያስጥል ውሸት መሸፈን ምን ይባላል?

ሁለተኛው ክትባት ነው። ለኢሚግሬሽን ከሚጠየቁት ክትባቶች መካከል የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባት፣ እንዲሁም የጉድፍ ክትባት፣ ሕያው ነገር ግን የተዳከመ ቫይረስ የያዙ ናቸው። የሲዲ ፎር ቁጥሩ (በደም ውስጥ ያሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ቆጠራ) ከ200 በታች ለሆነ ሰው መሰጠት የለባቸውም። ሐኪሙ ካወቀ «በሕክምና ምክንያት አይሰጥም» ብሎ ይመዘግባል፤ ይህም ቪዛውን አያስቀርም። ካላወቀ ይወጋዎታል። የእርስዎ ሲዲ ፎር ከዘጠኝ ዓመት ሕክምና በኋላ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ሦስተኛው ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሰው ሳይዘጋጅበት የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካው መመሪያ መሠረት ማንኛውም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የደረት ራጅ ይነሣል፤ ራጁ ንጹሕ ከሆነና ምልክት ከሌለው በዚያው ያልቃል። ኤችአይቪ እንዳለበት የታወቀ ሰው ግን ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ሦስት ጊዜ አክታ መስጠት አለበት። ምክንያቱ የሕክምና ነው፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ኖሮበት ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል። አክታው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ከዚያም ባክቴሪያው ያድግ እንደሆነ ለማየት ለከልቸር ይቀመጣል። ከልቸሩ እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ሊቸኮል የሚችል ነገር አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

አክታው የሚሰጠው በተለያዩ ሦስት ጠዋቶች፣ በክሊኒኩ ሠራተኛ ፊት፣ አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ነው። ቁርስ ሳይበሉ ይሂዱ፤ አፍዎን በንጹሕ ውኃ ብቻ ይጉመጥመጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ በረጅሙ ተንፍሰው ከደረትዎ ያስሉ። የሚፈለገው ወፈር ያለ አክታ ነው፤ ምራቅ ብቻ ከሆነ ናሙናው አይጠቅምም፣ ይደገማል፣ ጊዜ ይባክናል። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ መድኃኒት (አይኤንኤች ወይም የሦስት ወሩን) ጨርሰው ከሆነ የጨረሱበት ቀን ያለበትን ማስረጃ ከሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ያውጡ። ማስረጃው አክታውን አያስቀርም፤ ሐኪሙ የታሪክዎን መስመር እንዲያይ ግን ይረዳል። ከልቸሩ ሳንባ ነቀርሳ ካሳየ መጀመሪያ ሕክምናው ይጠናቀቃል፣ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል፤ ማዘግየት ነው እንጂ መከልከል አይደለም።

ስለዚህ የጊዜ ስሌቱ ይህን ይመስላል። ከምርመራው መጀመሪያ እስከ ከልቸሩ ውጤት ሁለት ወር ከአሥር ቀን ያህል ያስቡ። ሌላ ሰው ከምርመራው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ድረስ የሚያገለግል ማረጋገጫ ሲያገኝ፣ ኤችአይቪ ያለበት ሰው የሚሰጠው የሦስት ወር ብቻ ነው። ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ ነገር ግን ውጤቱ ወጥቶ ቪዛው ከታተመ በኋላ ቲኬት አያዘግዩ። ቪዛው ከመታተሙ በፊት ቲኬት መቁረጥ፣ ቤት መልቀቅ፣ ዕቃ መሸጥም የለም። (ዲቪ የደረሰው ሰው ከእርስዎ የባሰ መጠንቀቅ አለበት፤ የዲቪ ዓመት በመስከረም 30 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ቪዛ አይታተምም። ነሐሴ ላይ አክታ የሰጠ ሰው ከልቸሩን ሲጠብቅ ዕድሉ ያልፈዋል።)

ሌላው ስጋት «የመንግሥት ሸክም» የሚባለው ነው። ቆንስሉ አመልካቹ በመንግሥት ድጎማ ይኖር ይሆን ብሎ ሲመዝን ዕድሜን፣ ጤናን፣ ቤተሰብን፣ ሀብትንና ትምህርትን አብሮ ያያል። ጤና አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። በትዳር ማመልከቻ ላይ ዋናው ነገር የባለቤትዎ የድጋፍ ቃል ኪዳን ሲሆን ገቢያቸው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረስ አለበት። ገቢው ከመስመሩ ጥግ ከሆነ ተጨማሪ ስፖንሰር አሁኑኑ ይፈልጉ። የራስዎን የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድና ያለ ሥራ መስተጓጎል መኖርዎን የሚያሳይ የሐኪም ደብዳቤም ያዘጋጁ። ይህ የሕጉ ክፍል ከመንግሥት መንግሥት ይጠብቃል ይላላል፤ ቪዛም ከኤችአይቪ ጋር በማይገናኝ ሌላ ውሳኔ ሊዘገይ ወይም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት መነጋገር ተገቢ ነው። ፎርም እሞላልሻለሁ የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ጠበቃ አይደለም።

ባለቤትዎስ? የምርመራው ውጤት የሚላከው ለኤምባሲው ነው፤ ለአመልካቹ ባል አይደለም። ሐኪሙም ለባልዎ ደውሎ አይነግርም። በዚህ በኩል ይሰማል ብለው አይስጉ። ይሁንና ሁለት ወር ሲዘገይ «ለምን?» ማለታቸው አይቀርም፤ «አክታ ስጪ ተባልኩ» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን እስከ መቼ? አንድ ቤት ውስጥ ሲገቡ የክኒኑ ብልቃጥ፣ የክሊኒኩ ቀጠሮ፣ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ አለ። ከዚህም በላይ በአሜሪካ በርካታ ክፍላተ ግዛት ውስጥ ኤችአይቪ እንዳለበት ሳይናገር ግንኙነት የፈጸመን ሰው የሚቀጡ ሕጎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቫይረሱ መታየት አለመታየቱን አይለዩም። ሕጉ ኋላ ቀር ነው ማለት ይቻላል፤ ያለው ግን እሱ ነው። እዚያ ደርሰው፣ በሰው አገር፣ በእሳቸው ቤት ከሚነግሩ እዚህ፣ በራስዎ ከተማ፣ የሚከታተልዎ ነርስ ወይም የምክር አገልግሎት ባለሙያ ባለበት ቢነግሩ ይሻላል። ባለቤትዎ ለጉብኝት ሲመጡ አብረው ወደ ክሊኒኩ ይሂዱ፤ «ቫይረሱ የማይታይ ከሆነ አይተላለፍም» የሚለውን ከእርስዎ ሳይሆን ከሐኪሙ ይስሙት፤ እሳቸውም ይመርመሩ። ያንን ነገር ከባለሙያ አፍ መስማት ከመቶ መሐላ ይበልጣል።

ስለ ክኒኑ ጉዞ። በተረጋጋ ሁኔታ ላለ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ የጉዞውን ቀን አስቀድመው ነግረው ያስሞሉ። «ወደ ሌላ ተቋም መዛወሪያ» ደብዳቤ ያስጽፉ፦ መድኃኒቱ መቼ እንደተጀመረ፣ ተቀይሮ ከሆነ ከምን ወደ ምን፣ የመጨረሻው የቫይረስ መጠንና ሲዲ ፎር ከነቀናቸው፣ የሄፓታይተስ ቢ ውጤት። በእንግሊዝኛ ይሁን። ክኒኑን ከፋብሪካው ብልቃጥ አውጥተው በፌስታል አይያዙ፤ ስሙ ያለበት ብልቃጥ ከደብዳቤው ጋር በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ወደ ካርጎ የገባ ሻንጣ አንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። የሰዓት ልዩነቱ አያስጨንቅዎ፤ አዲስ አበባና ዋሺንግተን የሚለያዩት በ7 ወይም በ8 ሰዓት ነው። በሁለቱ ክኒኖች መካከል ከ24 ሰዓት እንዳያልፍ አድርገው የመጀመሪያውን ቀን ቀደም ብለው ይዋጡ፣ ከዚያ በአዲሱ ሰዓት ይቀጥሉ። የጨጓራ ማስታገሻ፣ ብረት ወይም ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን ከእነሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በደንብ አይመጠጥም።

አሜሪካ እንደደረሱ «ራያን ዋይት» በሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም የሚደገፉ ክሊኒኮችን ይፈልጉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ነው የተቋቋሙት። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው በዋሺንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ አሉ። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን በገቡ በመጀመሪያው ወር ቀጠሮ ይያዙ።

የአሜሪካው ባይሳካ ሌላ መንገድ ለምትሉም ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ካናዳ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን አመልካች ለኤችአይቪ ትመረምራለች፤ የምትመዝነው ግን ተላላፊነቱን ሳይሆን የሕክምናውን ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጪው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ከፍ ተደርጓል፤ የትዳር ጓደኛና ስደተኛ ከዚህ የወጪ ሚዛን ነጻ ናቸው። አውስትራሊያም ወጪን ትመዝናለች፤ ኒውዚላንድ በ2021 ኤችአይቪን ከከፍተኛ ወጪ በሽታዎች ዝርዝር አውጥታለች። እንግሊዝ ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ኢትዮጵያዊ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ትጠይቃለች እንጂ የኤችአይቪ አትጠይቅም፤ ለሸንገን የጉብኝት ቪዛም የኤችአይቪ ወረቀት የለም።

የእኔ ምክር አንድ ነው፤ የዓረብ አገሩን ይተዉት። ሁለት ዓመት ሠርቶ መመለስ የሚባል ነገር ለእርስዎ የለም፤ ያለው ተበድሮ ሄዶ በጥቂት ወር መመለስ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ክኒኑ የተቋረጠበት ጊዜ። ለደላላው ሊከፍሉት ያሰቡትን ብር ለጠበቃው አንድ ሰዓትና ለሕክምናው ክፍያ ያውሉት። በዚህ ሳምንት ከሚከታተሉበት ክሊኒክ የሲዲ ፎርና የቫይረስ መጠን ወረቀትዎን፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ማስረጃዎንና የክትባት ካርድዎን በአንድ ፋይል ይሰብስቡ፤ የምርመራ ቀጠሮውን ኤምባሲው በሚፈቅደው የመጀመሪያ ቀን ያስይዙ። በዕለቱ ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ብልቃጡን ከቦርሳዎ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት።